ብሩኖ ሮሲ፦ ከአስመራ ደጋ የጠፈርን ጨረር የለካው የፊዚክስ ሊቅ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ የሚያመራ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር የተንሰራፋ ቡና ነው። የቀትር ፀሐይ እንኳ በዚያ ቅጠል መካከል ጭላንጭል ካላገኘች በቀር መሬት አትነካም። ዳሩ ግን ዛፍ የማይጋርደው፣ ጣሪያም ሆነ የድንጋይ ግድግዳ የማያቆመው ሌላ ዝናብ አለ። ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት ሳይለይ፣ የሰው መዳፍ በሚያህል ስፋት ላይ በየሰከንዱ ቢያንስ አንድ የማይታይ ቅንጣት ከሰማይ ይወርዳል፤ ሥጋንና አጥንትን አልፎም ወደ መሬት ይዘልቃል። ይህ ዝናብ ኮስሚክ ሬይ ወይም የጠፈር ጨረር ይባላል።

የዚህን ጨረር ምንነት ለመረዳት ዕድሜያቸውን ከሰጡ ሊቃውንት አንዱ ጣሊያናዊው ብሩኖ ሮሲ ነው። ሮሲ መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ አፍሪካ ቀንድ ደጋ የወጣ፣ በዚህ አካባቢ ሰማይ ሥር ቆሞ ለዓለም ሳይንስ የሚጠቅም መልስ ያገኘ ሰው ነበር። የሕይወቱ ታሪክ የአንድ ግኝት ታሪክ ብቻ አይደለም። በቅኝ ግዛት ባንዲራ ጥላ ሥር ወደ አስመራ የመጣው ይህ ምሁር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው መንግሥት የዘር ሕግ ከገዛ አገሩ የተባረረ ሰው ነው።

ብሩኖ ሮሲ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1905 በቬኒስ ከተማ ነው። ከሦስት ወንድማማቾች የመጀመሪያው ሲሆን፣ አባቱ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ። እስከ 14 ዓመቱ ድረስ በቤት ውስጥ በመምህራን ተማረ። ከዚያም በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አጠናቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1928 ፍሎረንስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የአርቼትሪ ኮረብታ ላይ በነበረው የፊዚክስ ተቋም በረዳትነት ተቀጠረ። ጋሊሊዮ የሕይወቱን የመጨረሻ ዓመታት በቁም እስር ያሳለፈው በዚሁ ኮረብታ ላይ ነበር። ተቋሙ ገንዘብ የሚያንሰው፣ ነገር ግን የወጣቶች ትጋት የሞላበት ሥፍራ ነበር።

በዚያን ጊዜ ስለ ጠፈር ጨረር የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በፊኛ ከአምስት ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ጨረሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር እንደሚበረታ በማየቱ ምንጩ ከምድር ሳይሆን ከላይ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ግን ስምምነት አልነበረም። በአሜሪካ ከፍተኛ ዝና የነበረው ሮበርት ሚሊካን ጨረሩ እንደ ብርሃን ያለ፣ ኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ነው ብሎ ያምን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1929 ሁለት ጀርመናውያን፣ ቫልተር ቦቴና ቨርነር ኮልሆርስተር፣ ይህን እምነት የሚፈታተን ሙከራ አሳተሙ። ሁለት ጋይገር ቆጣሪዎችን አንዱን በሌላው ላይ አድርገው፣ በመካከላቸው ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የወርቅ ጡብ አስቀመጡ። ሁለቱ ቆጣሪዎች በአንድ ቅጽበት ምልክት መስጠታቸው፣ ወርቁን አልፎ የሚሄድ ሙል ያለው ቅንጣት መኖሩን የሚያመለክት ነበር። ሮሲ ይህን ጽሑፍ ሲያነብ የሕይወቱ መንገድ ተወሰነ።

ጋይገር ቆጣሪ ጋዝ የተሞላ ቱቦ ነው፤ በመካከሉ ቀጭን ሽቦ ያልፋል። ሙል ያለው ቅንጣት ሲያልፍበት አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል። ነገር ግን አንድ ቆጣሪ ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ቅንጣቱ ከየት እንደመጣ፣ ወዴትም እንደሄደ አያውቅም። ሮሲ ያደረገው የብዙ ቆጣሪዎችን ምስክርነት በአንድ ላይ መስማት ነበር። በዘመኑ ለሬዲዮ የሚያገለግሉትን የኤሌክትሮን ቱቦዎች በማቀናጀት፣ ሁሉም ቆጣሪዎች በአንድ ቅጽበት ሲመቱ ብቻ ምልክት የሚሰጥ ዑደት ሠራ። አንዱ እንኳ ዝም ካለ ዑደቱም ዝም ይላል። በዚህ መንገድ በሁለትና በሦስት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ቆጣሪዎች የቅንጣቱን ጎዳና እንደ መስመር መከተል ተቻለ።

ይህ ዑደት እ.ኤ.አ. በ1930 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ፤ በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎችም ወዲያው ተቀበሉት። ሁሉም ግብዓቶች ሲሟሉ ብቻ መልስ የሚሰጠው ይህ ሥርዓት፣ በኋላ ዘመን የኮምፒዩተር መሠረት ከሆኑት የሎጂክ ዑደቶች አንዱ ነው። ሮሲ ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ኤንሪኮ ፌርሚ በሮም በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኑክሌር ፊዚክስ ጉባኤ ላይ ስለ ጠፈር ጨረር እንዲናገር ጋበዘው። ወጣቱ ሮሲ ሚሊካን በተቀመጠበት የእርሱን ሐሳብ በማስረጃ ነቀፈ። ንግግሩ ሚሊካንን አላስደሰተም፤ በጉባኤው የነበረውን ሌላውን አሜሪካዊ አርተር ኮምፕተንን ግን ወደዚህ የምርምር መስክ ስቧል። የኮምፕተን ወዳጅነት ከዓመታት በኋላ ለሮሲ የመጠጊያ በር ሆኖታል።

ሮሲ ሌላ ነገርም አስልቶ ነበር። ከጠፈር የሚመጡት ቅንጣቶች ሙል ካላቸው፣ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ጎዳናቸውን ማጠፍ አለበት። በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አቅራቢያ መስኩ ከደቡብ ወደ ሰሜን አግድም ተዘርግቶ ያልፋል። ከላይ የሚወርድ አዎንታዊ ሙል ያለው ቅንጣት ይህን መስክ ሲያቋርጥ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ስለዚህ መሬት ላይ ለቆመ ተመልካች ከምዕራብ የመጣ ሆኖ ይታያል። ሙሉ አሉታዊ ከሆነ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል። እንግዲህ ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጡትን ቆጥሮ ማነጻጸር ብቻ የጨረሩን ማንነት ያጋልጣል ማለት ነው። ሮሲ ይህን ትንበያ እ.ኤ.አ. በ1930 አሳተመ፤ በፍሎረንስ ያደረገው ሙከራ ግን ግልጽ ልዩነት አላሳየውም። ጣሊያን ከመግነጢሳዊው ወገብ እጅግ የራቀች ናት። ለዚህ ሙከራ ወደ ወገቡ የቀረበና ከፍ ያለ ሥፍራ ያስፈልግ ነበር።

እንዲህ ያለ ሥፍራ በአፍሪካ ቀንድ ደጋ ይገኛል። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ የሚዛንና የቴፒ ምድርም ከእርሱ ብዙም አይርቅም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ የተቋቋመውም በዚሁ ቅርበት ምክንያት ነበር። ሮሲ የመረጠው ግን ያን ጊዜ በጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረችውን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 370 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትን አስመራን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 መጸው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1926 ዓ.ም. እንደባተ፣ ሮሲና ባልደረባው ሰርጂዮ ዴ ቤኔዴቲ ቆጣሪዎቻቸውንና ዑደታቸውን ጭነው ወደ አስመራ ወጡ። ቆጣሪዎቹ እንደ ቴሌስኮፕ በአንድ መስመር ተደርድረው አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ ያዘነብሉ ነበር። ሥራው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው፤ እያንዳንዱን ምት መቁጠር፣ አቅጣጫ መለወጥ፣ እንደገና መቁጠር። ውጤቱ ግን የማያሻማ ሆነ፤ ከምዕራብ የሚመጣው ጨረር ከምሥራቅ ከሚመጣው በ26 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ከጠፈር የሚመጡት ቅንጣቶች አብዛኛዎቹ አዎንታዊ ሙል ያላቸው ናቸው። በኋላ የተደረጉ ምርምሮች እነዚህ ቅንጣቶች በአብዛኛው ፕሮቶኖች መሆናቸውን አረጋግጠዋል።

ይሁን እንጂ ደስታው ሙሉ አልነበረም። ሮሲ አስመራ ከመድረሱ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ቶማስ ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ፣ እንዲሁም ሉዊስ አልቫሬዝ ከኮምፕተን ጋር ሆነው በሜክሲኮ ሲቲ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተው አሳትመው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የተነበየውን ነገር ሌሎች ቀድመውት አዩት። ለአንድ ተመራማሪ ይህ ቀላል ኀዘን አይደለም።

ሆኖም አስመራ ሌላም ነገር ሰጥታዋለች። ሮሲ መሣሪያውን ሲፈትሽ፣ እርስ በርሳቸው ተራርቀው የተቀመጡና በአንድ መስመር ላይ የሌሉ ቆጣሪዎች አልፎ አልፎ በአንድ ቅጽበት ሲመቱ አየ። አንድ ቅንጣት በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ሊያልፍ አይችልም። የአጋጣሚ ነገር እንዳይባልም ቁጥሩ ከሚጠበቀው በለጠ። ስለዚህ እጅግ ሰፊ ቦታ የሚሸፍን የቅንጣቶች ዶፍ አንዳንድ ጊዜ በመሣሪያዎቹ ላይ የሚወርድ ይመስላል ብሎ በሪፖርቱ ጻፈ። ጉዳዩን በዝርዝር ለማጥናት ግን ጊዜ አልነበረውም፤ ማስታወሻው በዚያው ቀረ።

በቡና ጫካ ውስጥ ለኖረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ትልቅ የዝናብ ጠብታ የጥላውን ዛፍ አናት ሲመታ ይበታተናል፤ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተከፋፈለ ታች ያለውን ቡና ሰፋ አድርጎ ያረጥባል። ከጠፈር የመጣው ቅንጣትም የከባቢ አየርን የላይኛ ክፍል ሲመታ እንዲሁ ይሆናል። አንዱ ብዙ ቅንጣቶችን ይወልዳል፤ እነዚያም ሌሎችን ይወልዳሉ፤ መሬት ሲደርሱ ሰፊ መስክ ይሸፍናሉ። ይህን ክስተት ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ እ.ኤ.አ. በ1938 በዝርዝር አጥንቶ ለዓለም አሳወቀ፤ ስሙም ከግኝቱ ጋር ተያይዞ ቀረ። የመጀመሪያው ፍንጭ ግን የታየው በአስመራ ደጋ ላይ ነበር።

ሮሲ ወደ ፓዱዋ ተመለሰ። ከ1932 ጀምሮ በዚያ ፕሮፌሰር ነበር፤ የአዲሱን የፊዚክስ ተቋም ሕንፃ እንዲያቅድና እንዲከታተልም ኃላፊነት ተሰጥቶት ዓመታት ደከመበት። በዚሁ ጊዜ አስመራና አካባቢዋ የጦር ሰፈር ሆኑ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ከሁለት ዓመት በፊት የጠፈር ቅንጣት በጸጥታ ሲቆጠርበት የነበረው ደጋ የወረራ መነሻ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1937 የፋሺስቱ መንግሥት በቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ ጣሊያናውያን ከአፍሪካውያን ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖሩ የሚከለክልና የሚቀጣ የዘር ሕግ አወጣ። በዓመቱ የዘር ሕጉ ወደ ጣሊያን ውስጥ ገብቶ በአይሁድ ዜጎች ላይ ተዘረጋ። ሮሲ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ሚያዝያ ኖራ ሎምብሮዞን አግብቶ ገና ጎጆ እንደወጣ፣ በመስከረም ወር ከፕሮፌሰርነቱ ተሰናበተ። በራሱ ዕቅድ ያሠራው ተቋም ከተመረቀ ገና አንድ ዓመት ገደማ ነበር። በጥቅምት ወር ሮሲና ባለቤቱ አገራቸውን ለቀው ወጡ።

መጀመሪያ በኮፐንሃገን ኒልስ ቦር ተቀበላቸው፤ ቀጥሎ በማንችስተር ፓትሪክ ብላኬት አስጠጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1939 ክረምት ኮምፕተን ወደ ቺካጎ ጋበዛቸው። ሮሲ አሜሪካ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሣሪያ አዘጋጅቶ በኮሎራዶ ወደሚገኘውና 4 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ወደሚረዝመው የኤቫንስ ተራራ ወጣ። ጥያቄው ዛሬ ሚዩዮን ስለሚባለው ቅንጣት ነበር። በዛፍና በጣሪያ አልፈው መሬት የሚዘልቁት የጠፈር ቅንጣቶች አብዛኛዎቹ እነዚህ ናቸው። ሚዩዮን በጉዞው ላይ በራሱ ይፈርሳል የሚል ግምት ነበር፤ ያየው ግን አልነበረም።

ሮሲ በተለያየ ከፍታ ላይ ቅንጣቶቹን ቆጠረ። አየር ካለፉት በኋላ የሚቀሩትን፣ በክብደት ከአየሩ ጋር እኩል የሆነ የካርቦን ንጣፍ ካለፉት ጋር አነጻጸረ። ካርቦኑ ጠባብ ነው፤ አየሩ ግን ረጅም ጉዞ ነው። በአየሩ የመጡት ቁጥራቸው አነሰ፤ ምክንያቱም በረጅሙ መንገድ ላይ ብዙዎቹ ፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1941 ከዴቪድ ሆል ጋር ባደረገው ሙከራ ደግሞ ዝግ ብለው የሚጓዙት ከፈጣኖቹ ቀድመው እንደሚፈርሱ አሳየ። ለፈጣን ተጓዥ ጊዜ ይረዝማል የሚለው የአንስታይን ትምህርት በተፈጥሮ ውስጥ ሲፈጸም ታየ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከኖሪስ ኔረሰን ጋር የሚዩዮንን አማካይ ዕድሜ በቀጥታ ለክቶ፣ ከሁለት ማይክሮ ሰከንድ ጥቂት ከፍ የሚል መሆኑን አረጋገጠ። በዚህ ዕድሜ ብርሃን እንኳ ሰባት መቶ ሜትር አይሞላም። ሆኖም ሚዩዮኖች ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ካለው ከፍታ ተነስተው የሚዛንን ኮረብታና የቴፒን ሜዳ ይነካሉ፤ ይህ የሚሆነው ጊዜያቸው ስለሚረዝም ነው።

ጦርነቱ ሮሲንም ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1943 የአቶም ቦምብ ወደሚሠራበት ወደ ሎስ አላሞስ ሄዶ፣ ከሃንስ ስታውብ ጋር የጨረር መለኪያ መሣሪያዎችን የሚሠራውን ቡድን መራ። ሐምሌ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው ቦምብ ሲፈነዳ፣ የፍንዳታውን ሰንሰለታዊ ሂደት ዕድገት የለካው የእርሱ መሣሪያ ነበር። ከፋሺዝም የሸሸው ሰው የመለካት ጥበቡ እንዲህ ላለ ጥፋት አገልግሎ አየ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሰላማዊ ምርምር ተመለሰ።

እ.ኤ.አ. በ1946 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሆኖ የጠፈር ጨረር ምርምር ቡድን አቋቋመ። በዚያም ወደ አስመራው ማስታወሻ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ቡድኑ የቅንጣቶቹን ዶፍ በሰፊ መስክ ላይ በተዘረጉ መለኪያዎች እየተቀበለ፣ እያንዳንዱ መለኪያ የተመታበትን ቅጽበት በማነጻጸር ዶፉ የመጣበትን አቅጣጫ የማወቅ ዘዴ አዳበረ። ከዚህ ቡድን የወጣው ጆን ሊንስሊ በኒው ሜክሲኮ ባሠራው ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ያኔ ተለክቶ የማያውቅ ታላቅ ኃይል ያለው የጠፈር ቅንጣት አየ።

በዚያው ዓመት ሌላ በር ተከፈተ። ሮሲ ሰማይን በኤክስሬይ ማየት እንደሚገባ አጥብቆ ያምን ነበር። የከባቢ አየር ኤክስሬይን ስለሚውጥ መሣሪያው በሮኬት መውጣት ነበረበት። ሰኔ 18 ቀን 1962 የተተኮሰው ሮኬት፣ በሪካርዶ ጃኮኒ መሪነት የተሠራውን መሣሪያ ለጥቂት ደቂቃዎች ወደ ጠፈር አውጥቶ፣ ስኮርፒዮ በተባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ ያልተጠበቀ ብርቱ የኤክስሬይ ምንጭ አገኘ። ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ የታየው የመጀመሪያው ይህ ነበር። የኤክስሬይ ሥነ ፈለክ በዚያን ሌሊት ተወለደ። ጃኮኒ በዚህ መስክ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ሮሲ ግን ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም፤ ኖቤልንም ሳያገኝ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1987 የዎልፍን ሽልማት ከጃኮኒና ከኸርበርት ፍሪድማን ጋር ተጋርቶ ነበር።

ብሩኖ ሮሲ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1993 በአሜሪካ በምትገኘው የኬምብሪጅ ከተማ በ88 ዓመቱ አረፈ። አጽሙ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ፍሎረንስን ቁልቁል በሚያየው በሳን ሚኒያቶ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ወጣትነቱን ባሳለፈበት በአርቼትሪ ኮረብታ ትይዩ አርፏል። ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ጠፈር የወጣ የኤክስሬይ ሳተላይት በስሙ ተሰይሟል።

ከሮሲ ሕይወት ለዚህ ምድር የሚቀረው ትምህርት ከሽልማቶቹ ይልቅ በአስመራው ጉዞ ውስጥ ይገኛል። አውሮፓ ያልሰጠችውን መልስ የሰጠው የአፍሪካ ቀንድ ሰማይ ነው፤ መልሱን ቆጥረው የወሰዱት ግን ከሩቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። የደጋው ሕዝብ በዚያ ምርምር ውስጥ ስሙ የለም። ዛሬ በሚዛንና በቴፒ ሰማይ ሥር ያው መግነጢሳዊ መስክ ተዘርግቷል፤ ያው የቅንጣት ዝናብም ይወርዳል። ሮሲ የተጠቀመበት ሙከራ ጥቂት ቆጣሪዎችን፣ በአንድ ቅጽበት መምታታቸውን የሚለይ ቀላል ዑደትንና ብዙ ትዕግሥትን ብቻ ይጠይቃል። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚማር አንድ ወጣት ቆጣሪዎቹን አንድ ጊዜ ወደ ቦንጋ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጋምቤላ አቅጣጫ አዘንብሎ ቢቆጥር፣ ከዘጠና ዓመት በፊት በአስመራ የታየውን ልዩነት በራሱ ዓይን ሊያይ ይችላል። ያን ጊዜ የዚህ ሰማይ መልስ በዚህ ምድር ልጅ እጅ ይጻፋል።